ጥቁሩን አፈር አትጥረጉት

ብረት ሠሪ ከኋላው ትቶት የሚሄደው ብረት አይደለም። ብረቱ ይሸጣል፣ ይዝጋል፣ ሲሰበርም ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባል። ቦታው ላይ የሚቀረው ቆሻሻው ነው። ብረቱ ከማዕድኑ ሲለይ እየቀለጠ የሚወርደው ዝቃጭ፣ እሳት የበላው ሸክላ፣ የከሰል ብናኝ፣ ከጋለ ብረት ላይ የሚረግፈው ቅርፊት። ዝቃጩ አይበሰብስም፣ ዝናብ አያሟሟውም፣ ሌባም አይመኘውም። ስለዚህ የድሮ ብረት ማቅለጫ የሚፈልግ አርኪዮሎጂስት ጫካ ሲገባ ግንብ አይፈልግም፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ድንጋይ የሚመስል፣ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ስታነሳው ከጠበቅከው በላይ የሚከብድ ጥቁር ነገር ነው የሚፈልገው።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ እኔም ሐረር ውስጥ መሬት መሬት እያየሁ ነው የምሄደው። ዛሬ የምጽፈውም ስለሚያሳስበኝ ነው። እኛ ጋ ግንቡም፣ በሮቹም፣ መስጊዶቹም፣ አድባራቱም ቅርስ ናቸው፣ መሆንም አለባቸው። ሰው ቁጭ ብሎ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረበትን መሬት ግን ቅርስ ብሎ የሚያይ የለም። ቤት ሊሠራበት ሲፈለግ ተጠርጎ በገልባጭ መኪና ይሄዳል።

መጀመሪያ ስለ ዝቃጩ ትንሽ ላውራ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በጥንቱ ዘዴ ምድጃው ትንሽ ነው። ማዕድኑና ከሰሉ ይደረደራል፣ በእጅ ወይም በእግር ወናፍ ይነፋል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ እዚያ ምድጃ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ያን ያህል አይወጣም። ስለዚህ ብረቱ አይቀልጥም። የሚቀልጠው አብሮት ያለው ሌላው ነገር ነው፤ እሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ብረቱ ጓል ሆኖ ይቀራል። ጓሉን እንደጋለ አውጥተው ይቀጠቅጡታል፣ ውስጡ የተረፈው ቆሻሻ እየተጨመቀ እስኪወጣ ድረስ። የዚህ ሥራ ዝቃጭ ጥቁርና ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ሳይለይ የቀረ ብዙ ብረት ውስጡ አለ። አገራችን ውስጥ በዚህ ዓይነት ዘዴ ብረት ሲወጣ ኖሯል፤ በደቡብ ምዕራብ ያሉት ዲሜዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያውቁበት ነበር።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ወናፉን የወንዝ ውኃ እንዲነፋው ተደረገ። ውኃው መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ትልልቅ ወናፎችን ይጫናል፣ ምድጃውም ሁለት ፎቅ ቤት አከለ። ያን ያህል አየር ሲገባ ብረቱ ከከሰሉ ካርቦን ይጠጣል፤ ካርቦን የጠጣ ብረት ደግሞ 1,150 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። አሁን ብረቱ እንደ ውኃ ይፈሳል ማለት ነው። ከላይ ማዕድን፣ ከሰልና የኖራ ድንጋይ ይጨመራል፣ ከታች ብረት ይቀዳል፣ ቀንም ሌሊትም፣ ለወራት። እሳቱ ባላሰቡት ሰዓት ከቀዘቀዘ ብረቱ ምድጃው ሆድ ውስጥ ይረጋል፣ ምድጃውም ከነብረቱ ይበላሻል። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ምድጃ በ1496 ኒውብሪጅ በሚባል ቦታ፣ አሽዳውን ጫካ ውስጥ ተሠራ። የዚህኛው ዝቃጭ ቀለል ይላል፣ ብርጭቆ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ አንዲት ቁራጭ ከመሬት ያነሳ ባለሙያ እዚያ ቦታ ብረት እንደ ወተት ይቀዳ ነበር ወይስ እንደ ጓል ይወጣ ነበር የሚለውን እዚያው ቆሞ ይነግርሃል። ሰነድ አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የሶገስ ታሪክ ነው። ሶገስ አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ፣ በዚያው ስም በሚጠራ ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ነው። በ1646 አካባቢ ከእንግሊዝ የመጣ ገንዘብና ሙያ እዚያ አንድ ሙሉ የብረት ፋብሪካ አቆመ፤ ማቅለጫው፣ በውኃ የሚሠራው ትልቅ መዶሻ፣ ብረቱን የሚዳምጠውና እየቀደደ ዘንግ የሚያደርገው ማሽን ሁሉ በአንድ ግቢ። ማዕድኑ የሚመጣው ከረግረግ ነበር። ከሰሉን የሚሰጠው ጫካው ነው። ኩባንያው ግን ዕዳና ክስ በዛበትና ከሃያ ዓመት ትንሽ ዘለል ብሎ ሥራው ቆመ። ሣር በቀለበት። ሰው ረሳው።

ከዚያ በ1948 ሮላንድ ሮቢንስ የሚባል ሰው መቆፈር ጀመረ። ሰውየው በአርኪዮሎጂ ትምህርት ያልተመረቀ፣ መስኮት በማጽዳትና በጥገና ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። በራሱ ተምሮ ነው እዚህ የደረሰው። ቁፋሮው እስከ 1953 ቀጠለ። የማቅለጫው መሠረት ወጣ። ውኃ ውስጥ ተቀብሮ ስለቆየ ሳይበሰብስ የቀረ የእንጨት መዘውር ክፍል ወጣ። 500 ፓውንድ፣ በእኛ ከሁለት ኩንታል በላይ የሚመዝን የመዶሻ ራስ ወጣ። በ1954 ፋብሪካው እንደነበረ ሆኖ በላዩ ላይ ተሠርቶ ለሕዝብ ተከፈተ፣ በ1968 ደግሞ የመንግሥት ታሪካዊ ቦታ ሆነ። የዝቃጩ ክምር ዛሬም ወንዙ ዳር እንደ ኮረብታ ተቀምጧል። አላነሱትም፣ አላስተካከሉትም።

በዚያ ቦታ ከሠሩት መካከል እስረኞች ነበሩ። በ1650 በደንባር ጦርነት እንግሊዞች የማረኳቸው ስኮትላንዳውያን ወጣቶች በመርከብ ተጭነው ተወሰዱ፤ አንዳንዶቹ ሶገስ ወርደው እንጨት ሲቆርጡና ከሰል ሲያከስሉ ዕዳ የሌለባቸውን ዓመት ከፈሉ። ዛሬ ሰው ሄዶ የእነሱን ሥራ ቆሞ ማየት የቻለው አንድ መስኮት አጽጂ ለቆሻሻ ክምር ክብር ስለሰጠ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ውስጤ የሆነ ነገር ይላል።

አሁን ወደ ቤት ልመለስ።

በኒውብሪጅና በሶገስ መካከል ባለው ዘመን እዚህ ምን ይሆን ነበር? አሚር ኑር ከ1551 እስከ 1567 ሐረርን ገዙ፣ ጀጎልንም ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞር ግንብ ነው። ድንጋይ ሰብሳቢው፣ አናጺው፣ ግንበኛው ሁሉ መሣሪያ ይዟል። ለድንጋዩ መዶሻና መሮ፣ ለእንጨቱ መጥረቢያ፣ ለመሠረቱ ዶማ፣ ለበሮቹ ምስማርና ማጠፊያ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰው የሚመግበው ገበሬ ማረሻና ማጭድ ይፈልጋል። ሠራዊቱ ራሱ ጦርና ጎራዴ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ብረት ነው። ይህን ሁሉ የቀጠቀጠ ሰው እዚሁ አካባቢ የሆነ ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ከሥሩም ጥቁር አፈር ተከምሯል። ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፣ እልል ብለናል። ያ የግንቡን ጓዝ የሠራ ሰው የት እንደተቀመጠ ግን ጥያቄውን የሚያነሳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለምን? እውነቱን እናውራ። ቀጥቃጭ ይናቅ ስለነበር ነው። ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ተብሎ ልጃቸውን የማይድሩለት፣ ከእጁ የማይቀበሉት፣ ግን ማረሻው ሲዶለዱም ሮጠው የሚሄዱበት ሰው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስለገባቸው ነው። አዋጁ ስድቡን አስጠንቅቋል። ንቀቱ ግን በቅርስ ዝርዝራችን ውስጥ አሁንም አለ ብዬ አምናለሁ። የገዛውንና የጸለየውን ሰው ቦታ እንጠብቃለን። የሠራውን ሰው ቦታ እንጠርጋለን። ይሄ ያናድደኛል።

ከጀጎል በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ውጪ ዛሬም ብረትና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች አሉ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የስፌት መኪናው ድምፅ እንደማይጠፋ ሁሉ እዚያም መዶሻው አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ ጋ አልፎ አልፎ ሄጄ እቀመጣለሁ። ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም። መስፋቸው የድሮው ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ ግንድ ላይ የተተከለ። ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ቆርጠው መጥረቢያና ቢላዋ ያወጣሉ። ዙሪያቸው ያለው አፈር ከሌላው አፈር ይለያል፣ ጥቁር ነው፣ ተረግጦ ጠጥሯል።

አንድ ቀን ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መሬቱን ትንሽ ብነካካው ቅር ይልዎታል?»

«አቦ ንካው፤ አፈር ምን ይሆናል ብለህ ነው!»

ማግኔቱን መስፋቸው ሥር ሳስጠጋው ጥቁሩ አፈር እየዘለለ ተለጠፈበት። ፌስታሉን ስገልጠው ነጭ ወረቀት ላይ ረገፈ። አብዛኛው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ነው፤ የጋለ ብረት ላይ መዶሻ ሲያርፍ የሚረግፈው። ቅርፊቱ መሐል ደግሞ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ድቡልቡል ጥቁር ነገሮች አሉ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብዬ ደገምኩት፣ በጣም ትንሽ ነው የመጣው። በር አካባቢ ስሞክር ደግሞ ምንም የለም ማለት ይቻላል።

አርኪዮሎጂስቶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የድሮ ቀጥቃጭ ቤት ወለሉን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው ከየአንዳንዱ አፈር ይወስዳሉ፣ በማግኔት ይለዩታል፣ ይመዝኑታል። ቅርፊቱ የሚበዛበት መስፉ የነበረበት ነው። መስፉ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ቢሆነውም ሰውየው የት እንደቆመ ወለሉ ይናገራል። ድቡልቡሎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ብረት በእሳት ሲያያዝ የሚፈናጠሩ ናቸው፤ እነሱ ካሉ እዚያ የሠራው ሰው ብረት ማያያዝ ሳያውቅ አይቀርም።

ይህን የመጨረሻውን ለሽማግሌው ላስረዳ ስጀምር ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ድቡልቡሏን በጥፍራቸው ለይተው፣ «ይቺማ ብረት ከብረት ሲጋባ የምትወጣዋ ናት» አሉኝ። «አሸዋ ነስንሰህ፣ ነጭ እስኪሆን አግለህ፣ በአንድ ምት። ዘንድሮ ብየዳ ቤት ሞልቷል፣ ማን ይጠይቃል።» ከዚያ ምን እንደማደርግበት ጠየቁኝ። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ እዚህ ጋ መስፍ ነበረ ሊል ይችላል አልኳቸው። ቀና ብለው ዙሪያውን አዩና፣ «ከመቶ ዓመት በኋላ? እኔ እስከ መስቀል መቆየቴንም እንጃ፣ ልትነሱ ነው ይሉናል» አሉኝ።

መነሳቱ ልማት ነው፣ አልቃወምም። ጠባብ ቦታ ላይ በጭስ ታፍነው ከሚሠሩ የተሻለ ቦታ ቢያገኙ ደስ ይለኛል። ግን ሲነሱ ከመጠረጉ በፊት አንድ ሰው ወለሉን ቢለካ፣ ፎቶ ቢያነሳ፣ ከየቦታው አንድ አንድ ጣሳ አፈር ቢያስቀምጥ፣ ሽማግሌውን ቁጭ አድርጎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? የሁለት ቀን ሥራ ነው።

እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ምን እንደሚሰጥ እኛው አጠገብ ታይቷል። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ሐርላ የምትባለውን መንደር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ድሮ ግዙፍ ሰዎች ይኖሩባት ነበር ይል ነበር፤ ገበሬዎችም ሲያርሱ የባሕር ማዶ ሳንቲምና ሸክላ ያገኙ ነበር። የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ሲቆፍር የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጣ፣ ዜናው በ2017 ዓለምን ዞረ። ሁሉም ያወራው ስለ መስጊዱና ስለ ግዙፎቹ ነው። እኔ የቆምኩበት ሌላ ቦታ ነው። እዚያው ቁፋሮ ውስጥ የጌጣጌጥ ሠሪዎች የሥራ ቦታ ተገኝቷል፤ ብር፣ ነሐስ፣ የከበሩ ድንጋዮችና የብርጭቆ ዶቃ ይሠራ የነበረበት። የሰው እጅ የነካው ስብርባሪ ባይለቀም ኖሮ ሐርላ የባዕድ ዕቃ የሚራገፍባት ገበያ ብቻ ተብላ ትቀር ነበር። ስብርባሪው ሲለቀም ግን የራሷ ባለሙያ ያላት ከተማ ሆና ወጣች። እኛን ያከበረን የሠራተኛ ጥራጊ ነው።

ድሬዳዋን ካነሳሁ ምድር ባቡርን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ድሬ ላይ ሸሚንደፈር፣ ማለትም ምድር ባቡር ሲባል ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ጣቢያውን፣ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር፣ የዛፎቹን ጥላ ነው። ለእኔ ግን ልቡ ወርክሾፑ ነው። በረሃ ውስጥ የሚሄድ ባቡር የተሰበረበትን ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ድሬ ላይ ይቀጠቀጥ፣ ይቆረጥ፣ ይሞረድ ነበር። ከመላው አገሪቱ በፊት ሞተርና ቶርኖ የለመደ እጅ ያለው እዚያ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። የአባቶቻችን ትውልድ ግማሹ ሙያውን እዚያ ተማረ፣ ግማሹ ደግሞ ከዚያ ጡረታ በወጣ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተማረ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመረቀ። የድሮው መስመር ላይ ግን አንዱ ቦታ ሐዲዱ ተነቅሏል፣ ሌላው ጋ ቤት ተሠርቶበታል። ስለ ወርክሾፑ ሲወራ ደግሞ ሁልጊዜ የሚነሳው ማሽኑ ነው፤ ስንት ዓመቱ ነው፣ የየት አገር ነው፣ ይሠራል ወይ። ማሽኑ ይጠበቅ፣ እሰየው። እኔ የምፈራው ወለሉን ነው። አንድ ቀን አንድ ቅን አስተዳዳሪ ቱሪስት ሊመጣ ነው ብሎ ወለሉን ሊሾ ያስደርገዋል፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ስብርባሪ ለቁራሌው ይሸጠዋል፣ ግድግዳ ላይ በኖራ የተጻፈውን ቁጥር ቀለም ያስቀባዋል። በክፋት ሳይሆን በንጽሕና። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ማሽን የቆመበት አዳራሽ ነው፣ ሰው የሠራበት ቦታ መሆኑ ያበቃል።

እንግሊዝ ውስጥ ኮልብሩክዴል ላይ አብርሃም ዳርቢ በ1709 በእንጨት ከሰል ፋንታ ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ኮክ ብረት ያቀለጠበት ምድጃ አለ። እሱም ዘመን አልፎበት ተትቶ ነበር፤ በ1959 አጽድተው ለሰው አሳዩት። ያ ሸለቆ በ1986 ዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ገባ። ጀጎል ያለበት መዝገብ ማለት ነው። የጠቆረ ምድጃና የዝቃጭ ክምር ከከተማ ግንብ እኩል ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ዓለም ከተቀበለው ቆይቷል ለማለት ነው።

የእኛም አገር ጋፋት አላት። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ቴዎድሮስ በሚስዮናውያን ባለሙያዎች እጅ ሴባስቶፖልን በ1867 ያስቀለጡበት። መድፉ ነሐስ ነው፣ መቅደላ ላይ ዛሬም አለ፣ አዲስ አበባም አምሳያው ቆሞለታል። ስለ መድፉ የማያውቅ የለም። ምድጃው የነበረበትን መሬት ለማየት ብሎ ጋፋት የሄደ ሰው ግን በዙሪያችሁ ፈልጉ።

ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ከአንባቢ የምፈልገው ግልጽ ነገር ነው። ሐረርም ሆነ ድሬ፣ ሐረማያም ሆነ ጃርሶ፣ ስታርሱ ወይም መሠረት ስትቆፍሩ ጥቁርና ከባድ ዝቃጭ ካገኛችሁ ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ መጠኑ እንዲታይ፣ ያለበትንም ቦታ መዝግቡ። አታንሱት። ያለቦታው ዝቃጭ ዝም ያለ ድንጋይ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ስለዚህ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ንገሩ፣ እንቢ ቢሏችሁም እንደገና ንገሩ።

ሌላው ለድሬ ልጆች ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ፣ በተለይ ብረት ማቅለጫውና ቀጥቃጩ ክፍል የሠሩ ከሆነ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። የትኛው ምድጃ የት እንደነበር፣ ሻጋታው አሸዋ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ የተበላሸ ቅልጥ የት ይጣል እንደነበር ጠይቋቸው። በተለይ ይህን የመጨረሻውን። መጣያው የት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። እኔ በሚቀጥለው ወር ድሬ እወርዳለሁ፤ ፈቃድ ካገኘሁ የወርክሾፑን ወለል ንድፍ በወረቀት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ሜትርና ወረቀት ይዛ ወይም ይዞ የሚያግዘኝ ሰው ካለ ይምጣ፤ ሸዋ በር ያሉት ሽማግሌም አብሬ ልምጣና አለቆቻችን ያኔ የሠሩበትን ልይ ብለውኛል።